ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ

ባንክ ስራ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ልጆች በቴሌግራም እየገቡ ስለ ቅጥር ፈተናው "ፈተናው ምን ይመስላል፣ ከየት ነው ያጠናሽው" ይሉኛል። ስለ ፈተናው እነግራችኋለሁ ግን እሱን ብቻ ከነገርኳችሁ ዋናውን ደበቅኳችሁ ማለት ነው፣ ምክንያቱም እኔን ለጥቂት ያስቀረኝ የነበረው ፈተናው ሳይሆን ዋስ ነው። በተለይ የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኔ ከሉማሜ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ቀበሌ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሬ ሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተና ተፈተንኩ፣ በአካውንቲንግ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነን፣ 50 ያላመጣ ዲግሪ የለውም ተብለን ሌሊቱን ሁሉ ላይብረሪ ነበር የምናድረው። አለፍኩ። ከዛ ወር እንኳ ሳይቆይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት ተነሳ፣ ሞባይል ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፣ የስራ ማስታወቂያ የሚወጣው በቴሌግራም፣ ምዝገባው በኦንላይን፣ እኔ ያለሁት ደግሞ ጤፍ አረም ላይ። እንደዛ እያልኩ ዓመት ከምናምን አለፈ። እማዬ ምንም አትለኝም ነበር፣ ሰው "ልጅሽ ተመርቃ ምን ሆነች" ሲላት ግን ወሬውን ቀይራ ወደ ጓዳ ስትገባ አያታለሁ።

ጥር 2017 ላይ አንድ ባንክ ጁኒየር ትሬይኒ፣ ልምድ 0 ዓመት፣ ጂፒኤ ከ3.00 በላይ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ስሙን አልጠራም። ማርቆስ ሄጄ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አካባቢ ካለ ኢንተርኔት ቤት ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን)፣ ስቱደንት ኮፒውን (የውጤት ዝርዝሩን)፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ ፋይዳ መታወቂያውን ስካን አስደርጌ ስሞላ ፋይሉ በዛ እያለ ሲመልስብኝ፣ ልጁ ሲያሳንስልኝ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በቃ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ጂፒኤው 2.97 ነበር፣ ሲስተሙ ገና ሲሞላ ነው የመለሰው። በ0.03 ብቻ። ከኔ የተሻለ ሒሳብ የሚችል ልጅ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፈተናው ባህር ዳር ነው ተባለ። ከማርቆስ ባህር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ እያሉ መሄድ ነው፣ ድሮ ጠዋት ተነስተህ ምሳ የምትበላበት ነበር። አሁን ግን መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ አራት ቀን ቀደም ብዬ ሄድኩና ቀበሌ 14 የአክስቴ ልጅ ጋ አረፍኩ፣ ወሬ እየጠየቅን መሄድ ነው። የትራንስፖርቱን ብር አባዬ ጤፍ ሸጦ ነው የሰጠኝ፣ እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ "አንች ብቻ አትፍሪ" ነው ያለኝ።

እሺ ፈተናው። አፕቲቲዩድ ይበዛዋል፣ እንግሊዝኛ አለ፣ ትንሽ አካውንቲንግ አለ፣ ጠቅላላ እውቀት አለ። የሚገድለው ሰዓቱ ነው፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይሞላም። 3፣ 7፣ 15፣ 31 ብሎ ቀጣዩ ስንት ነው የሚል ዓይነት ነው፣ በእጥፍ አድርገህ አንድ መደመር ነው፣ 63። ይሄን ያላየ ሰው አምስት ደቂቃ ያባክናል፣ ያየ ሰው አምስት ሰከንድ። ስለዚህ አዲስ ነገር ከማንበብ የቆዩ ጥያቄዎችን በሰዓት እየለኩ መስራት ይሻላል፣ እኔን የረዳኝ እሱ ነው።

አንዱ ጥያቄ መቼም አይረሳኝም። የአንድ ዕቃ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ቢቀንስ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ሲነፃፀር ምን ይሆናል ይላል። ምርጫ ሀ "ለውጥ የለውም" ነው። እጄ ሀ ላይ ሊያርፍ ነበር፣ ከዛ በሒሳቡ ግራ ሲገባኝ ሁሌ እንደማደርገው ወደ ጤፍ ቀየርኩት። ኩንታሉ 10 ሺህ ይሁን፣ 20 በመቶ ሲጨምር 12 ሺህ፣ ከ12 ሺህ ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ ግን 2,400 ነው የሚወርደው፣ 9,600 ቀረ። በ4 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ስንወጣ ብዙዎቹ ሀ ነው ያልነው አሉ።

ኢንተርቪው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለት ወንድ አንዲት ሴት። ስለራስሽ ንገሪን፣ ሌላ ቦታ ብንመድብሽ ትሄጃለሽ ወይ፣ ይሄ ያው የተለመደ ነው። ከዛ ሴትየዋ ፓርላማው ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ያፀደቀውን የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አንስተው "እነሱ ሲመጡ እኛ ምን ይዘን እንወዳደራለን" አሉኝ። ያነበብኩትን ስለ ካፒታልና ቴክኖሎጂ ምናምን ጀመርኩ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ከዛ ዝም ብዬ የማውቀውን ተናገርኩ። እኛ ሰፈር ገበሬው ብር እጁ ላይ የሚቆየው ጤፉን ከሸጠ በኋላ ነው፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከዛ ማዳበሪያ ይመጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ሰርግ አለ፣ ብሩ ያልቃል። ባንኮቹ ግን ቁጠባ ብለው የሚመጡት ክረምት ላይ ነው፣ ያውም በስራ ቀን፣ ሰው እርሻ ላይ እያለ። ጤፍ በሚሸጥበት ወር፣ በገበያ ቀን፣ እዛው ገበያው ላይ ሰው ቢላክ አባቴ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው ብር ባንክ ይገባ ነበር፣ የውጭ ባንክ ደግሞ ሉማሜ ገበያ ቶሎ አይደርስም አልኳቸው። ሴትየዋ እስክሪብቷቸውን አንስተው ፃፉ። ያን ጊዜ ነው ተስፋ ያደረግኩት።

አለፍሽ ብለው ደወሉ። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ፎርሙ መጣ፣ በ10 ቀን ውስጥ ዋስ ይዘሽ ቅረቢ ይላል። ዋሱ ቋሚ ሰራተኛ መሆን አለበት፣ ደሞዙ ከተባለው በላይ መሆን አለበት፣ መስሪያ ቤቱ በሌላ ሰው ዋስትና እንዳልተያዘ አረጋግጦ በማህተም መፃፍ አለበት።

አባዬ ፎርሙን ሳነብለት "በሬዎቹን ላስይዝ" አለኝ። አይሆንም፣ ደሞዝተኛ ብቻ ነው የሚሉት ስለው ዝም አለ። ከዘራችን ሁሉ ደሞዝተኛ አጎቴ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አምና ለሚስቱ ወንድም ዋስ ሆኗል፣ መስሪያ ቤቱ ሁለተኛ አልፅፍም አለ። አንድ የወረዳ ሰራተኛ ቤት ሁለቴ ሄድኩ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ እያሉ የሉም አስባሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ግን ይሄን ማለት አለብኝ፣ የከተማ ልጅ ማታ ራት ላይ አባቱን አስፈርሞ የሚጨርሰውን ነገር እኛ ስምንት ቀን እንዞርበታለን፣ ያን ሁሉ ውድድር አልፎ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ሲቀር ያማል፣ የቀሩም አውቃለሁ። ባንኮቹ ሌላ መንገድ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እስከዛው ግን ገና ማስታወቂያ ስትሞሉ ዋስ ጠይቁ፣ ውጤት አትጠብቁ።

ስምንተኛው ቀን ላይ ሃይስኩል ሒሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር ቤት ሄድኩ። ካየኋቸው አምስት ዓመት ሆኖኛል። ፎርሙን መነፅራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ "ጉድለት ቢገኝ ዋሱ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሆናል" የሚለው ጋ (ዋሱ ከኔ ጋርም ለብቻውም ይጠየቃል ማለት ነው) ሲደርሱ ጣታቸውን አስቀምጠው "ጉድለት ሲል ምን ማለት ነው፣ ቆጥረሽ ቢጎድልሽ ነው?" አሉኝ። አዎ ቲቸር፣ ካሸር ብሆን ብሩ ቢጎድል መጀመሪያ ከኔ ደሞዝ ነው አልኳቸው። "ልጆች አሉኝ፣ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ልማከርበት" አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

ጠዋት ስደርስ ባለቤታቸው ናቸው በሩን የከፈቱልኝ። "ግቢ፣ ፈርም ብዬዋለሁ፣ ቡና ጠጪና አብራችሁ ትሄዳላችሁ" አሉኝ። ትምህርት ቤት ሄደን ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አፃፉ፣ ማህተሙ መጀመሪያ ደብዝዞ አረፈ፣ ቲቸር "ይሄን አይቀበሏትም" ብለው ቀለም አስነክረው እንደገና አስመቱት። ሁለት ክብ ማህተም ጎን ለጎን ያለበት ደብዳቤ ነው ይዤ የገባሁት፣ በፌስታል ጠቅልዬ ጡቴ ስር አድርጌ።

አሁን ካሸር ነኝ። ማታ ቆጥሬ ከሲስተሙ ጋር ልክ ሲመጣልኝ ለቲቸር "ዛሬም ልክ ነው" ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ። "እሺ" ብለው ይመልሱልኛል።