ካቻቪቴ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ኅዳር ሲገባ ሜሪላንድ እንዲህ ያደርገኛል። ደግነቱ ከልጄ ጋር የቅዳሜ ሥራ ነበረን፤ የመኪናችንን የስፓይደሯን ቺንጋ መቀየር።

የ1977 (በፈረንጆቹ) ፊያት 124 ስፓይደር ናት፤ ሞተሯ 1756 ሲሲ። ጥርሳሙ የላስቲክ ቺንጋ ከታች ኮሎውን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ከላይ ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ሁለቱን ካምሻፍት፣ ከጎን ደግሞ የዘይት ፓምፑን የምታዞረውን ትንሽ ዘንግ አንድ ላይ ያስራል። ብዙ ሰው የላይኞቹን ሁለት ምልክቶች ይገጥምና ጨረስኩ ይላል። ጣጣው ያለው ትንሿ ዘንግ ጋ ነው። የቤንዚን ፓምፑን የምትገፋ ጉብታ አለቻት፤ ቦታዋን ከሳተች የ2ኛውን ሲሊንደር ቢዬላ፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ክንድ፣ ትመታለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት 4ቱም ካንዴላ ይወጣሉ፤ ሞተሩ በእጅ ቀለል ብሎ እንዲዞር። ቺንጋው ከገባ በኋላ የመወጠሪያው ዳዶ ይላላል፤ ስፕሪንጉ ራሱ ይስበዋል፤ ይጠብቃል። ከዚያ የኮሎውን ዳዶ በ38 ቡሶላ ይዞ በሰዓት አቅጣጫ 2 ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ወደ ኋላ መመለስ የለም። መሀል ላይ ቀጥ ካለ መታገል አያስፈልግም፤ የያዘው ቫልቮላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዙር ካለቀ ምልክቶቹን እንደገና ማየት፣ ዳዶውን አንዴ ደግሞ አላልቶ ስፕሪንጉ የቀረውን እንዲስብ መተው፣ ከዚያ ለመጨረሻ ማጥበቅ። ካንዴላዎቹ ሲመለሱ በጣት ነው የሚጀመሩት። ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አልሙኒየም ስለሆነ አጣሞ በቁልፍ የጀመረ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል። ይሄን ልጅቷ ከእኔ ትበልጣለች፤ ጣቷም ቀጭን ነው፣ ትዕግሥትም አላት።

ጋራዡ ውስጥ ሕግ አለን፤ እንግሊዝኛ ክልክል ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አማርኛዋ እንዳይጠፋ። «ካቻቪቴ አቀብዪኝ» ስላት ታቀብላለች። ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ዘይት እንዳያፈስ በሁለት ብረት መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮንም ሳይቀር፣ ሁሉንም ታውቃለች። እንዴት እንደምኮራ!

ዛሬ የጣሊያንኛውን የመለዋወጫ ካታሎግ ስታገላብጥ ቆየችና፣

«አባዬ፣ ይሄ መጽሐፍ አማርኛ ነው እንዴ?»

ካንዴላ። ዳዶ። ጓርኒሲዮኔ። ቴስታታ። ፑሌጃ። አንድ በአንድ እያነበበች ትስቃለች። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ትቼ የአማርኛ የሆነች አንዲት ዕቃ ፍለጋ ገባሁ። መዶሻ አለን፤ እሺ። ቁልፍስ? «13 ቁልፍ» የምንለው። ደስ አለኝ። ኋላ ትዝ ሲለኝ ጣሊያኖቹም መፍቻውን የሚጠሩት በበር ቁልፍ ስም ነው፤ «ኪያቬ»። ቃሉ የእኛ ነው፣ ሐሳቡ ግን የነሱ ሳይሆን አይቀርም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ትሬንታ ኳትሮ በምንለው የጭነት መኪናው ጭኖ ያመጣውን ሁሉ ይዞ አልሄደማ! አሁን እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ የጣሊያን መኪና ሥር ተጋድሜ፣ ለልጄ አማርኛ ብዬ ጣሊያንኛ አስተምራለሁ።

«ታዲያ የጓርኒሲዮን አማርኛው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ጓርኒሲዮን ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አሁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል፤ አልጋ ላይ ነኝ። የላይኛውን ሽፋን እንደገጠምን አስታውሳለሁ። ካንዴላዎቹንም። ግን ከ2ቱ ዙር በኋላ ያላላሁትን የመወጠሪያ ዳዶ መልሼ አጥብቄዋለሁ?

ጋራዡ ደግሞ እንዴት ይበርዳል በዚህ ሰዓት።