ማዘርቦርዱ ሞተ፣ ዊንዶውሱም ካደኝ

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ጥር ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የስምንት ሰርግ ጥሪ ካርድ እጄ ላይ አለ። መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። ሦስተኛው ላይ መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሬ አልመጣም።

መገናኛ ያለ ጠጋኝ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ከፈተውና አሸተተው። እውነቴን ነው፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው። "ቦርዱ ሄዷል እህቴ" አለኝ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርዱን ማለቱ ነው። ፓወር ሳፕላዩን ሞከረ፣ ይሠራል። ኤስኤስዲውን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ አየ፣ እሱም ይሠራል። እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ምክንያቱም የካርዶቹ ፋይሎች፣ የአማርኛ ፎንቶቼ፣ የአምስት ዓመት ሥራዬ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። አዲሱ ቦርድ የድሮ ፕሮሰሰሬን ስለማይቀበል ፕሮሰሰሩም ራሙም አብሮ ተቀየረ። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

ቤት ወስጄ ሳበራው ትንሽ ፐርሰንት ቆጠረና ገባ። ሁሉም ነገር እንደነበረ! በኤክስፒ ዘመን ቦርድ የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሰማያዊ ስክሪን ነበር፣ አሁን ግን ዊንዶውሱ አዲሶቹን ዕቃዎች ራሱ ለይቶ ይነሳል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ የአንዷ ሙሽራ እናት ካርዱን ለማየት መጡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው ስክሪኑን ትክ ብለው ካዩ በኋላ ጣታቸውን ወደ ታች ቀኝ ጥግ ቀሰሩ። "ልጄ፣ ይቺ ጽሑፍ ካርዱ ላይ ትወጣለች?"

አየሁት። "አክቲቬት ዊንዶውስ" የምትለዋ ግራጫ ጽሑፍ፣ የዊንዶውሱ ፈቃድ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። "አትወጣም እማማ" አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ለሌላ ሙሽራ የካርዱን ስክሪንሾት በቴሌግራም ስልክለት፣ ጽሑፏ ልክ "እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል" ከሚለው ሥር ገብታ ተነስታለች። ልጁ ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? "አክቲቬት ዊንዶውስ የአዳራሹ ስም ነው?"

ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

"ቀላል ነው፣ አምጪው፣ ክራክ አደርግልሻለሁ።"

"እኔ እኮ የገዛሁት ነው።"

"ምኑን?"

"ዊንዶውሱን።"

ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ልጁ በቀን ስንት ማሽን እንደሚጭን እያሰብኩ አልተቀየምኩትም። እኛ አገር ዊንዶውስ መግዛት ለዝናብ ውኃ እንደመክፈል ነው የሚታየው። ግን እኔ የገዛሁበት ምክንያት አለኝ። ያ ክራክ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለድርጅቶች የተሠራውን አሠራር አስመስሎ የሚያታልል ነው። በትክክለኛው አሠራር የድርጅቱ ኮምፒውተር 180 ቀን ይፈቀድለታል፣ በየጊዜው ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ ያድሰዋል። ክራኩ የውሸት ሰርቨር ያቆምለታል። ለመጫን ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፣ በሩን ክፈቱና ዞር በሉ እንደማለት። እኔ አንዴ ዞር ብዬ ሳበቃ ፍላሽ የሚበላ ቫይረስ ከነቤተሰቡ አስገብቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ወንድሜን የለመንኩት። ሰው ሽቶና ጫማ ያስልካል፣ እኔ ዊንዶውስ 10 ፕሮ አስላክሁ። 199 ዶላር ከ99 ሳንቲም። እስከዛሬ ያነሳብኛል።

ለምን ካደኝ ታዲያ? ዊንዶውስ አክቲቬት ሲሆን የኮምፒውተሩን ዕቃዎች አይቶ አንድ መለያ ያወጣና ማይክሮሶፍት ጋ ያስመዘግባል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከኤክስፒ ጋር የመጣ ነው። ራም ብትጨምሩ፣ ዲስክ ብትቀይሩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ለእሱ ኮምፒውተሩ ራሱ ተቀየረ ማለት ነው። እኔ ጋ የወጣው የስህተት ቁጥር መጨረሻው ኤፍ 211 ነበር፣ ትርጉሙም "ዕቃ ተቀይሯል፣ አላውቅሽም" ነው።

እዚህ ላይ ነው የላይሰንሱ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ዓይነት የሚለየው። እንደኔ በካርቶን ለብቻው የተገዛው ሪቴይል ይባላል፣ ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ሌላ ማሽን ይሄዳል፣ አሮጌው ላይ እስካልተጠቀማችሁበት ድረስ። ከላፕቶፕ ጋር የሚመጣው ኦኢኤም ደግሞ ከዚያው ማሽን ጋር ተወልዶ ከዚያው ጋር የሚሞት ነው። ቦርዱ ተበላሽቶ በዚያው ዓይነት ቦርድ ቢተካ ውሉ ይፈቅዳል፣ ለማሻሻል ብላችሁ ከቀየራችሁት ግን እንደ አዲስ ኮምፒውተር ነው የሚቆጠረው። የትኛው እንዳላችሁ ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር፣ ከዚያ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ዲ፣ ኤል፣ አይ ብላችሁ ኢንተር በሉ። በምትወጣዋ ሳጥን ውስጥ ሪቴይል ወይም ኦኢኤም ብሎ ይነግራችኋል። ቮልዩም የሚል ቃል (የድርጅት ማለት ነው) ካያችሁና እናንተ ድርጅት ካልሆናችሁ፣ ጠጋኛችሁ ምን እንዳደረገ ገባችሁ።

የኔ ችግር ቁልፉ ነበር። ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ የሚጻፈው ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ኮድ ያለበት ካርድ፣ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። እሱ ቢኖር በአንድ ደቂቃ ባለቀ። ያለኝ ሌላ መንገድ አካውንቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ላይሰንሱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማሰር ይቻላል፣ እኔም አስሬዋለሁ፣ ግን ያሰርኩት ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ ሆትሜይል ጋር ነው። ፓስወርዱን ረስቼዋለሁ። ኮዱ የሚላከው ከአራት ዓመት በፊት ወደጠፋብኝ ሲም ነው። "ሌላ መንገድ ሞክሪ" ስለው ያመጣልኝ መጠባበቂያ ኢሜይል የማን ነው? የወንድሜ።

እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። የመጀመሪያው ኮድ እሱ ተኝቶ እያለ ጊዜው አለፈበት። ሲነቃ "የምን ኮድ ነው ይሄ? ተጠልፈሻል እንዴ?" ብሎ ጻፈልኝ። በቴሌግራም ኮድ ስጡኝ የሚል ሌባ ስለበዛ አላመነኝም፣ ቪዲዮ ደውሎ ፊቴን ካየ በኋላ ነው ቁጥሩን ያነበበልኝ። ለነገሩ ልክ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን ገብታችሁ ትረብልሹት (ችግሩን ፍታ) የሚለውን ስትነኩ፣ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የምትል መስመር አለች። እሷን ነክቼ በአካውንቴ ስገባ የኮምፒውተሮች ዝርዝር መጣ። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ዴስክቶፕ ብለው ጀምረው ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ያስከትላሉ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ስም ካላወጣችሁለት ራሱ እንዲህ ነው የሚሰይመው። የትኛው ነው የሞተው? ሳስበው ቆየሁና አሮጌ የፕሪንተር ሴቲንግ ፎቶ ስልኬ ላይ አገኘሁ፣ ጥጉ ላይ የኮምፒውተሩ ስም ይታያል። መረጥኩ፣ አሁን የምጠቀምበት ይህ ነው የሚለውን ምልክት አደረግሁ፣ አክቲቬት አልኩ። ጽሑፏ ጠፋች።

ይቺ መንገድ ላይሰንስ ለሌለው አትሠራም፣ ዓይነቱም መግጠም አለበት፣ ማለትም ፕሮ ለፕሮ፣ ሆም ለሆም። የአክስቴ ልጅ ይሄን በላፕቶፑ ተማረው። ከዱባይ የመጣለት ነው፣ ቦርዱ ሲቃጠል ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የተነቀለ ቦርድ ገጠሙለት። መጀመሪያ ያጋጠመው አክቲቬሽን እንኳ አይደለም፣ ሰማያዊ ስክሪን ወጥቶ 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቀው። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ነበር፣ እሱ ቆልፌያለሁ ብሎ አያውቅም፣ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ራሳቸው ይቆልፋሉ። ቁጥሩ አካውንቱ ውስጥ ስለተቀመጠ ተረፈ። ያንን አልፎ ሲገባ ዊንዶውሱ ፕሮ፣ ቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ተጽፎ የመጣው ቁልፍ ደግሞ የሆም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የላፕቶፕ ቁልፍ ተለጥፎ ሳይሆን እንዲህ ቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ሆም ጫነበት፣ ምንም ሳይጠይቀው አክቲቬት ሆነ።

ከዊንዶውስ 7 በነፃ ወደ 10 የተሻገራችሁ ደግሞ፣ የ7ቱን ቁልፍ አዲስ ቦርድ ላይ እጽፋለሁ ብላችሁ አታስቡ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ያ በር ተዘግቷል። ዊንዶውስ 10 ራሱም ነፃ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ፣ እኔ አዲሱን ቦርድ ስመርጥ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ያለው መሆኑን አስረግጬ ነው። የ10ሩ ላይሰንስ ለ11ም ያገለግላል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር የምታዩ ከሆነ አክቲቬሽን ገጹን እዩ። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል ብቻ ካለ ገና አልታሰረም። "ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጋር የተያያዘ" የሚል ጭራ ሊኖረው ይገባል። የአካውንቱ ስልክ ቁጥርም ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ይሁን፣ የሞተ ሲም አይሁን።

እኔ የዚያኑ ሌሊት ኮምፒውተሬን ስም አወጣሁለት፣ "ካርድ ቤት" ብዬ። የድሮዎቹን ሁለቱን ከዝርዝሩ አጠፋኋቸው። ከዚያ ለሙሽራው ንጹሑን ስክሪንሾት ላክሁለት። ወዲያው መለሰ።

"አዳራሹ ተሰረዘ እንዴ?"