የእናቴን ጀበና ስሥል

ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጀበና ደጋግሜ ሣልኩ። የእናቴ ጀበና ናት። አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ድቡልቡል፣ ከአገልግሎት ብዛት ጠቁራ የምታብረቀርቅ። ማቶቷ ላይ አድርጌ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ በኤችቢ እርሳስ ዙሪያዋን ብቻ በመስመር አወጣሁ። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይም ቅርጹን የሚይዘው እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መስመር ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሲያልቅ ሳየው ግን የቡና ቤት ታፔላ ላይ ያለች ጀበና ሆናለች። አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ ሁለቱ ጎኖቿ እኩል ናቸው። ለካ እጄ የሣለው ከትዝታ ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ሳላይ ሞከርኩ። ዓይኔ ጠርዟን እየተከተለ እንደ ጉንዳን ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እርሳሱም ሳይነሳ አብሮት። የወጣው ነገር ተጣሟል፣ ጫፍና ጫፉም አልገጠመም። ነገር ግን አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል እንደሚል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በእጅ የተሠራች ናት እኮ! ስንት ዓመት ቡና ስጠጣባት አላስተዋልኩም።

ያስቸገረኝ እጀታዋ ነው። ሦስት ጊዜ በላጲስ አጥፍቼ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። በመጨረሻ እጀታውን ተውኩትና በእሱና በአንገቷ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ሣልኩ። ለባዶ ቦታ አእምሮ ውስጥ የተዘጋጀ ሥዕል የለም፤ ስለዚህ የግድ ማየት አለብህ። ባዶው በትክክል ሲቀመጥ እጀታው ራሱ ቦታውን አገኘ። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል ይህንን እመክራለሁ።

ከዚያ ጥቁር እስክሪብቶ አነሳሁ። ጥላዋን በተደራረቡ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስሞላ ሆዷ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆነ። መስመሮቹን የሆዷን ክብነት ተከትዬ ሳጎብጣቸው ወዲያው ተነፋች። በነጥብ ብቻም ሞክሬ ነበር። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ገና ሆዷን አልጨረስኩም። ለሻካራ ገል ይሆን ይሆናል፤ ለምታብረቀርቅ ጀበና ግን ልፋቱ አይመጥንም።

የቀረኝ ጥቁረቷ ነበር። 6ቢ የሚባለውን ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ደጋግሜ ብጫንም ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የእርሳሱ ውስጥ ማዕድን፣ ግራፋይት፣ ብርሃን ይመልሳላ። ስለዚህ ከምድጃው ሥር የጠፋ ከሰል ለቀምኩ። የእኛ ከሰል ለሥዕል ተብሎ ከሚሸጠው ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ወረቀት ይቧጭራል። ለስላሳውን መርጬ ሆዷን በሙሉ አጠቆርኩት፣ በጨርቅ አሸሁት። ከዚያ የመስኮቱን ብርሃን በላጲስ ጫፍ አወጣሁ። ሁለት ጭረት ብቻ! ጀበናዋ በራች። ክርኔ የታችኛውን ጠርዝ ስላበላሸው ከዚያ ወዲህ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ነው የምወርደው፤ ከእጄ ሥርም ሌላ ወረቀት አነጥፋለሁ።

እናቴ ቡና ልታፈላ ጀበናዋን ፍለጋ መጣች። ሥዕሉን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። «አፏ ላይ የተሸረፈችውን እንኳ አልረሳህም» አለች።