አሳው ምንም አላደረገኝም

ባለፈው እሁድ ማታ ጣና ዳር ተቀምጠን ነበር። እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬ እና ከአዲስ አበባ የመጣች እህቷ። እንግዳዋ ባሕር ዳር ገብታ አሳ ሳትበላ አትመለስም ተባለና ሙሉ ቀረሶ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ሽታው ገና ከወዲያ ሲመጣ አፌ ምራቅ ሞላ። የመጎምጀት ምራቅ አይደለም፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው፣ ቀጠን ብሎ ከምላስ ሥር የሚፈልቀው ነው። ወንበሬን ሽታው ወደማይመጣበት ፈቀቅ አደረግኩ። እንግዳዋ ደግሞ እጇን ታጥባ መጥታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና "በሞቴ!" አለችኝ።

እምቢ አልኩ። "አፈር ስሆን" አለች። አሁንም እምቢ አልኩ። ባልደረባዬ "ተያት፣ የጣና ልጅ ሆና አሳ አትወድም" ብላ ሳቀች፤ የልጅቷ ፊት ግን ወዲያው ተለወጠ። ጉርሻ መመለስ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ፊቷ ቤት ከገባሁም በኋላ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷም ጭምር ነው።

ነገሩ የተጀመረው የ11 ዓመት ልጅ እያለሁ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ በየቦታው ውሃ ያቆረበት፣ ቢምቢ የሚበዛበት ጊዜ። እናቴ አምባዛ ቤቷ አታስገባም። ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም ተብላ ያደገች ናት፤ እንደ እሷ ያሉ እናቶች ከተማችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ቀረሶ ግን ቤታችን ሁሌም ይሠራል። አንድ ቀን ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። አሳ አጥማጆቹ የደንገል ታንኳቸውን ጎትተው አውጥተው፣ ድንጋይ ጎልተው፣ ዘይት አግለው አምባዛ ይጠብሳሉ። ሰጡን፤ በላሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የጣፈጠኝ፤ ጣቴን ልሼ ነው የተነሳሁት።

የዚያን ዕለት ሌሊት አንቀጠቀጠኝ። ሦስት ጋቢ ደርበውብኝ አልሞቅ አልኩ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ ትውከቱ ተከተለ፣ የሚወጣው ሁሉ ደግሞ አሳ አሳ ይላል። እናቴ ባልዲ ይዛ ጀርባዬን እያሻሸች "ምን በላሽ?" ስትለኝ ዋሸኋት። ጠዋት ጤና ጣቢያ ጣቴን ወግተው ደሜን አዩና ወባ ነው አሉ። ኮአርተም ሰጡን፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። መድኃኒቱ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም ስለማይገባ ከወተት ጋር እንድወስደው ተነገራት። ወተቱን እየተናነቀኝ ጠጣሁ፣ አንዳንዱም ተመልሶ ወጣ። ዳንኩ።

ወተት ዛሬም እጠጣለሁ። አሳ ግን በዚያው ቀረ። መጀመሪያ አምባዛው፣ ከዚያ ምንም ያላደረገኝ ቀረሶ፣ ቀጥሎም አሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች ሳይቀር። ያሳመመኝ ያ አሳ ነው ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። እንዲያውም እናቴን ስላልሰማሁ የመጣብኝ ቅጣት ይመስለኝ ስለነበር ለብቻዬ አለቅስ ነበር። ለማንም ስላልተናገርኩ እንደዚያ አይደለም የሚለኝ ሰው አልነበረም።

የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ወባ ቢምቢዋ በነከሰችበት ሌሊት አይነሳም። ተሕዋሲው መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ያልፋል። አምባዛውን ቁጭ ብዬ ስበላ ወባው ሰውነቴ ውስጥ ነበር ማለት ነው። አሳው ምንም አላደረገኝም።

ታዲያ ይህን ካወቅኩ በኋላ ለምን አልተወኝም? ይህን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ነው ጆን ጋርሲያ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ያገኘሁት። እሱና ባልደረቦቹ እንደ ፈረንጆቹ በ1955 ባሳተሙት ጥናት አይጦች ጣፋጭ ውሃ እየጠጡ ጨረር እንዲያርፍባቸው አደረጉ። ያሳመማቸው ጨረሩ ነው፤ አይጦቹ ግን ከዚያ በኋላ የሸሹት ጣፋጩን ውሃ ነው። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች በዘመኑ ለብዙ ሳይንቲስቶች ለማመን ያስቸገራቸው ነገር አንዴ ብቻ መታመም ይበቃል መባሉ፣ ደግሞም በምግቡና በሕመሙ መካከል ሰዓታት ቢያልፉም ሆድ ሁለቱን ማገናኘቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንስሳ ነገር የሚማረው በድግግሞሽ፣ ነገሮቹም ተከታትለው ሲመጡ ነው ይባል ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ሆድ ቶሎ የሚጠረጥረው አዲሱን ምግብ ነው። ወተት ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ወዳጅ ነው፣ አምባዛ ግን የዚያን ቀን የመጣ እንግዳ ነበር። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የ11 ዓመቷን ልጅ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ያህል ነው የተሰማኝ።

እና ማወቅ ለብቻው አይፈውስም። ሆዳችን ማብራሪያ አይሰማም። ወንድሜ የብርቱካን ልጣጭ ከሸተተው ያጥወለውለዋል፤ ልጅ ሆኖ በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ስንወርድ፣ ማቅለሽለሹን ያስታግስልሃል ብለው አፍንጫው ሥር የያዙለት ብርቱካን ነው። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሳይሆን ሊረዳው የመጣው ብርቱካን ተጠያቂ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የእትዬ ነገር ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ የሚባለውን፣ የሚያቅለሸልሸውን የካንሰር መድኃኒት መውሰድ ስትጀምር የማመላልሳት እኔ ነበርኩ፣ በየ21 ቀኑ። ሕክምናው ባለባቸው ጠዋቶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ጨጨብሳ እሠራላታለሁ፤ በንጥር ቅቤ፣ ከላዩ ማር ጠብ አድርጌ። በዓለም ላይ ከምትወደው ምግብ አንዱ ስለሆነ ነው። ጉልበት ይሆናታል ብዬ፣ ቀኑን ያጣፍጥላታል ብዬ። መጀመሪያ ቀን ጥርግ አድርጋ በላች። በሁለተኛው ግማሹን ተወች። በሦስተኛው ሳህኑን ከፍቼ የቅቤው ሽታ ሲመጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? "እትዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ።" ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ለእኔ ብላ ዋጠችው፤ ሆስፒታሉ ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ አስመለሳት። "ልጄ፣ አንቺን ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም፣ አልሆንልሽ ብሎኝ ነው" አለችኝ፣ እየታመመች እኔን እያባበለች። በኋላ በኋላማ የሆስፒታሉን ግቢ በር ስታይ፣ መርፌው ሳይነካት በፊት ያቅለሸልሻት ጀመር።

አይሊን በርንስታይን የምትባል ተመራማሪ በ1978 ይህንኑ ነገር ኬሞ በሚወስዱ ልጆች ላይ አሳይታለች። ከሕክምናው በፊት ለየት ያለ ጣዕም ያለው አይስክሬም የተሰጣቸው ልጆች በኋላ ያንኑ አይስክሬም ሲያቀርቡላቸው የሚመርጡት ጥቂቶቹ ብቻ ሆኑ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ መላ ተገኘ። ኬሞ የሚወስዱ ልጆች ምግባቸውን ከበሉ በኋላ፣ ሕክምናው ሳይጀመር፣ ጣዕሙ ያልተለመደ ከረሜላ ሲሰጣቸው ጥላቻው ወደ ከረሜላው የሄደ ይመስላል፤ ያንኑ ምግብ በኋላም የሚበሉት ልጆች በዙ። አንድ ከረሜላ! ያኔ ብሰማው ኖሮ የእትዬን ጨጨብሳ ምናልባት አድንላት ነበር።

ስለዚህ ሰው የምታስታምሙ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፣ በኬሞ ቀን ጠዋት በጣም የሚወዱትን ምግብ ይዛችሁ አትሂዱ። ደህና ለሆኑበት ቀን አቆዩላቸው። ለሐኪሙም ማቅለሽለሹን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ንገሩት፤ የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ገና በጊዜ ከተያዘ ደግሞ በኋላ የሆስፒታሉ በር ሲታይ የሚመጣው ዓይነት ማቅለሽለሽ የመፈጠር ዕድሉ ይቀንሳል። "ቅብጠት ነው፣ ዋጥ አድርጊው" ማለት ግን ነገሩን ያባብሰዋል። እያቅለሸለሸው የተጎረሰ ጉርሻ ለሆድ ሌላ ማስረጃ ነው የሚሆነው።

እኔ በራሴ ጊዜ ትንሽ ተሻሽያለሁ። ቤቴ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ዘይት የሌለው ቀረሶ በሎሚ ቀቅዬ በሹካ ጫፍ መቅመስ ጀመርኩ፤ አሁን ጤናዬ ደህና በሆነበት ቀን ጥቂት እበላለሁ። የጋለ ዘይት ላይ ያለ አሳ ሽታን ግን እስካሁን አልቻልኩትም። ለእንግዳዋም ትናንት ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና እሷም የእጣን ጭስ እንደማይስማማት ነገረችኝ፤ ለምን እንደሆነ ነግራኝ ስትጨርስ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን።

እትዬ ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆናት። ደህና ናት። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ ተሰብስበን ዶሮውን በልታ፣ ድፎውን በልታ፣ ጎረቤት ደግሞ በፍቅር ጨጨብሳ ይዛ መጣች። ክዳኑ ሲነሳ የእትዬን ፊት አየሁት። ማንም ምንም ሳይል ሳህኑን ተቀብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩና መስኮቱን ከፈትኩት። ተመልሼ ስገባ ቡናዋን ይዛ ነበር፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።