የጥንቱ የላቲን ቅዳሴ ክርክር ለእኛም ጉዳያችን ነው

ር.ሊ.ጳ. (ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት) ፍራንቸስኮስ ጁላይ 16 ቀን 2021 «ትራዲሲዮኒስ ኩስቶዴስ» የተባለውን ሐዋርያዊ ደብዳቤ ሲያወጡ፣ ማንኛውም ካህን ለ14 ዓመት ያለ ልዩ ፈቃድ ሊቀድሰው ይችል የነበረው የጥንቱ የላቲን ቅዳሴ በአንድ ቀን ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ ዘንድ ጉዳዩ ሲነሣ «የፈረንጆች ጠብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በሐዋሳ፣ በሶዶ፣ በሆሳዕና፣ በመቂ፣ በነቀምቴና በሐረር ሀገረ ስብከቶች የሚገለገሉት ካቶሊኮች ግን የላቲን ሥርዓት ናቸው፤ ደንቡ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድሰውም ብንሆን፣ ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሰውን ቅዳሴ በትእዛዝ ሲነጠቅ ምን እንደሚከተል ከማንም በላይ የምናውቅ ነን። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ልዩነቱ ምን እንደሆነ በትክክል እንወቅ። ብዙ ሰው የቋንቋ ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም፤ አዲሱም ቅዳሴ በላቲን መቀደስ ይችላል፣ የተጻፈውም በላቲን ነው። ልዩነቱ ከጸሎቶቹና ከምልክቶቹ ላይ ነው።

በ1962ቱ መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ማለትም በጥንቱ ሥርዓት፣ ካህኑ ከመሠዊያው ደረጃ ሥር ቆሞ መዝሙር 42ን (ቁጥሩ ከግዕዙ ዳዊት ጋር አንድ ነው) ከአገልጋዩ ጋር እየተቀባበለ ይጀምራል። ኅብስቱን ሲያቀርብ «ቅዱስ አባት ሆይ፣ ይህን ነውር የሌለበትን መሥዋዕት ተቀበል» ይላል፤ የሚያቀርበውም ስለ ራሱ ኃጢአት፣ በዚያ ስለ ቆሙት፣ በሕይወት ስላሉትና ስላረፉት ክርስቲያኖች ሁሉ ነው። በ1969 የታወጀው ሥርዓት ይህን አንሥቶ «የፍጥረት ሁሉ አምላክ ሆይ፣ ቡሩክ ነህ» በሚል የምስጋና ጸሎት ተካው። ምስጋናው በራሱ መልካም ነው። መሥዋዕት የሚለውም ጨርሶ አልጠፋም፤ «ወንድሞች ሆይ ጸልዩ» በሚለው ላይ ቀርቷል። ነገር ግን ቅዳሴ የኃጢአት ማስተስረያ መሥዋዕት መሆኑን በግልጽ ይናገር የነበረው ጸሎት ከቦታው ሲነሣ፣ ሕዝቡ ያንኑ እምነት ከምን ይማራል? የጥንቱን ሥርዓት የሚወዱ ሰዎች ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ ትንሽ ምልክት ቀረብ ብላችሁ እዩ። በጥንቱ ሥርዓት ካህኑ ኅብስቱን ከቀደሰበት ጊዜ አንሥቶ የሁለቱንም እጆቹን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አይለያይም። ገጽ ሲገልጥ፣ ጽዋውን ሲያነሣ፣ ሲያማትብ በቀሩት ጣቶች ነው። የተጋጠሙት ጣቶች ነጻ የሚሆኑት ከቁርባን በኋላ በጽዋው ላይ ወይንና ውኃ ፈስሶባቸው ሲታጠቡ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጣቱ ላይ የቀረችው ቅንጣት ራሱ ክርስቶስ ነው። አዲሱ ደንብ ፍርፋሪ ከጣቱ ላይ ከተጣበቀ በጻሕሉ ላይ እንዲያራግፍ፣ ካስፈለገም እንዲታጠብ ብቻ ያዝዛል። እምነቱ አልተለወጠም። ሕፃን ልጅ ከመቅደሱ ፊት ቆሞ በዓይኑ ብቻ ይማረው የነበረው ትምህርት ግን ቀርቷል።

ፍሬ ቅዳሴን (ኅብስቱና ወይኑ የሚቀደሱበትን ዋና ጸሎት) በተመለከተ ወገኖቻችን አንዳንዴ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ለእኛ አይሠራም። የሮማው ሥርዓት ከሺህ ዓመት በላይ አንድ ፍሬ ቅዳሴ ብቻ ነበረው፤ በ1968 ሦስት ተጨመሩለት። መብዛቱ ራሱ ጥፋት ነው ቢባል እኛ 14 ፍሬ ቅዳሴ ያለን ሰዎች ምን ልንል ነው? ችግሩ ሌላ ነው። ከአዲሶቹ አጭሩ ሁለተኛው፣ በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ፣ በብዙ ቁምስና (አጥቢያ) እሑድም የሥራ ቀንም ሳይል የጥንቱን ጸሎት ከጥቅም ውጭ አደረገው።

የንባቡን ነገር በቅንነት ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ግጻዌ (የዓመቱ ንባቦች ሥርዓት) ለእሑድ የሦስት ዓመት፣ ለሥራ ቀናት የሁለት ዓመት ዙር አለው፤ ከጥንቱ የአንድ ዓመት ዙር ይልቅ እጅግ ብዙ ቅዱስ መጽሐፍ ያስነብባል። ይህ ትርፍ ነው። ሆኖም በጥንቱ ሥርዓት በጸሎተ ኀሙስና በሥጋ ወደሙ በዓል ይነበብ የነበረ አንድ ክፍል አለ፦ «ሳይገባው ይህን እንጀራ የበላ ወይም የጌታን ጽዋ የጠጣ ሁሉ የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ አለበት» (1ኛ ቆሮ. 11፥27)። በአዲሱ የጸሎተ ኀሙስ ንባቡ ቁጥር 26 ላይ ይቆማል። በ24ኛው ሳምንት ሰኞ፣ በሁለተኛው ዓመት ዙር፣ ምዕራፉ ሲመጣም ከ26 ዘሎ ወደ 33 ይሄዳል። ለመቁረብ ማን ብቁ ነው የሚለው ክርክር ባለፉት ዓመታት ያን ያህል የመረረው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ሁለት ትውልድ ይህን የጳውሎስ ማስጠንቀቂያ በቅዳሴ ሳይሰማ በማደጉ ይመስለኛል።

ወደ ምሥራቅ መቆም ላይ ግን ለእኛ ነገሩ ግልጽ ነው። ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» (ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ) እያለ ለሚጠራን ሰዎች ካህኑ ከሕዝቡ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መቆሙ እንግዳ ነገር አይደለም። በዲሴምበር 4 ቀን 1963 የጸደቀው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ መሠዊያው ወደ ሕዝቡ ይዙር የሚል አንድም ቃል የለውም። የላቲን ቋንቋ በላቲን ሥርዓት ይጠበቅ ይላል፣ ለጎርጎርዮሳዊው ዜማም ቀዳሚ ቦታ ይሰጣል። ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በ1996 የወጣው የቅድስት መንበር መመሪያ ደግሞ ካህኑ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ ማለት ስሕተት እንደሆነ፣ ይልቁንም ሕዝቡን ወደ መንግሥተ ሰማያት እየመራ መሆኑን ይናገራል። የሚገርመው አዲሱ የላቲን መጽሐፈ ቅዳሴ ራሱ «ወንድሞች ሆይ ጸልዩ» ከሚለው በፊት ካህኑ ወደ ሕዝቡ እንዲዞር ማዘዙ ነው። መጀመሪያውኑ ወደ ሕዝቡ የቆመ ሰው ወዴት ይዞራል?

ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጳውሎስ 6ኛ አዲሱን መጽሐፈ ቅዳሴ በኤፕሪል 1969 አወጁ። በሴፕቴምበር ካርዲናል ኦታቪያኒና ካርዲናል ባቺ ሥርዓቱ ስለ መሥዋዕት ከተሰጠው የትሬንት ጉባኤ ትምህርት ይርቃል የሚል ሰነድ ከደብዳቤ ጋር ላኩላቸው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1984 በጳጳሳት ፈቃድ በር ከፈቱ። በጁን 30 ቀን 1988 ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌብቭር ያለ ር.ሊ.ጳ. ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾሙ፤ ውግዘት ተከተለ። ሹመቱን ያልተቀበሉ ካህናት በዚያው ዓመት የቅዱስ ጴጥሮስ ማኅበርን መሠረቱ፤ በአንድነት ውስጥ ሆነው እስከ ዛሬ በጥንቱ ሥርዓት ያገለግላሉ። በነዲክቶስ 16ኛ በጁላይ 7 ቀን 2007 ሥርዓቱ ፈጽሞ እንዳልተሻረ አስታውቀው ለካህናት ሁሉ ፈቀዱ። የ2021ዱ ደብዳቤ የዘጋው ይህን በር ነው።

አሁን ደንቡ የሚለው ይህ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው። ቅዳሴው በቁምስና ቤተ ክርስቲያን አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ከታጣ ጳጳሱ ራሱ ከሮማ ይጠይቃል፤ ይህን በፌብሩዋሪ 2023 የወጣው ውሳኔ ይበልጥ አጠበቀው። ከጁላይ 16 ቀን 2021 በኋላ የተካነ ካህን ከሮማ ፈቃድ ውጭ አይቀድስም፤ ከዚያ በፊት የተካነው ከጳጳሱ ያገኛል። ንባቦቹ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነበባሉ። አዲስ ማኅበር እንዲቋቋም አይፈቀድም። በዲሴምበር 2021 ከሮማ በተሰጡት መልሶች ደግሞ በጥንቱ ሥርዓት ክህነትና ሜሮን መስጠት ተከልክሏል፤ ቅዳሴው በቁምስናው የሰዓት ሰሌዳ ላይ መውጣቱም አይገባም ተብሏል። ይህ የመጨረሻው እጅግ ያሳዝነኛል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በጳጳሱ ፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት እንዴት ከምእመናን ይሸሸጋል?

በእኛ በጥንቱ ሥርዓት ወዳጆች ወገን የሚታየውንም ጥፋት መሸፈን አይገባም። አዲሱ ቅዳሴ ቅዳሴ አይደለም፣ ቁርባኑም አይፈጸምም የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ለጳጳሳቱም ጥርጣሬ ምክንያት የሰጠው ይኸው ነው። የሮማ መንበር ባዶ ነው፣ እውነተኛ ር.ሊ.ጳ. የለም የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ከአንድነት ወጥተዋል። የር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ደብዳቤ የጠቀሰው ሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ የመካድ ዝንባሌ በእርግጥ አለ። ግን የጥቂቶችን አፍ ለመዝጋት የብዙዎችን ጸሎት መዝጋት ፈውስ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ። አጼ ሱስንዮስ በ1626 ለሮማ መንበር ሲምሉ፣ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን ደግሞ ማጥመቅ፣ ካህናቱን ደግሞ መካን፣ ጾሙንና በዓሉን በሮማ ሥርዓት መተካት ጀመረ። ከእሱ በፊት የነበረው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ዓመታት በትዕግሥት የገነባው በጥቂት ጊዜ ፈረሰ። በላስታ ጦር ላይ ከተደረገው ደም አፋሳሽ ውጊያ በኋላ በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ፤ ካቶሊክነት በአገራችን ለሁለት መቶ ዓመት ጥርጣሬን ተሸክሞ ኖረ። ቁስሉን ማከም የጀመረው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነው። በ1839 ሲመጣ የላቲን ካህን ነበር፤ ግን የግዕዙን ሥርዓት አከበረ፣ አገሬውን ካህናት በዚያው ሥርዓት ካነ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ ጾመ። ብፁዕ ገብረ ሚካኤልም በእሱ እጅ ካህን ሆኖ ስለ እምነቱ ሞተ። በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓታቸውን ሁልጊዜ ሊጠብቁ እንደሚችሉና እንደሚገባቸው፣ ካጎደሉትም ወደ አባቶቻቸው ልማድ እንዲመለሱ አዘዘ። ለእኛ የታዘዘው ለላቲን ወንድሞቻችን ለምን ይከለከላል? ይህን ስጠይቅ የር.ሊ.ጳ. ሥልጣን መካዴ አይደለም። ሥልጣኑ የተሰጠው የተቀበለውን እንዲጠብቅ ነው።

የአጸላለይ ሕግ የእምነት ሕግ መሆኑን በሌላም ክርክር አይተነዋል። በዲሴምበር 18 ቀን 2023 «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተባለው የቫቲካን ሰነድ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ መባረክ ይቻላል ሲል፣ የጋብቻ ትምህርት አልተለወጠም የሚል ማብራሪያ አብሮት ነበር። በጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ደግሞ በረከቱ የሴኮንዶች ነገር እንደሆነ ተገለጸ። የአፍሪካ ጳጳሳት ግን በካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ ፊርማ በጃንዋሪ 11 ቀን በአፍሪካ እንዲህ ያለ በረከት እንደማይሰጥ አሳወቁ። ለሰው ሁሉ፣ ለኃጢአተኛውም መጸለይ ግዴታችን ነው፤ ሁለቱን አቁሞ እንደ ጥንድ መባረክ ግን፣ ወረቀቱ ምንም ቢል፣ ሕዝቡ የሚያየው ትምህርት ነው። ካህኑ በእጁ የሚያደርገው ከሚያብራራው በላይ ይሰማል።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ በሜይ 2025 ከተመረጡ በኋላ፣ በኦክቶበር 25 ካርዲናል ሬይመንድ በርክ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በጥንቱ ሥርዓት ቀደሱ። ደንቡ ግን በዚያ አልተሻረም።

በላቲን ቁምስና የምትገለገሉ፣ በአገር ቤትም በአሜሪካም በአውሮፓም ያላችሁ፣ ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ለጳጳሱ «አዲስ ማኅበር እናቋቁም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ደንቡ ስለሚከለክል ደብዳቤው ከዚያው ይቀራል። ይልቅ ለቆሞሳችሁ፣ ከሮማ ፈቃድ የማይሹትን ጠይቁ፦ በወር አንድ እሑድ አዲሱ ቅዳሴ በላቲን፣ የጥንቱ የሮማ ፍሬ ቅዳሴ፣ ካህኑ ወደ መሠዊያው ዞሮ፣ የጎርጎርዮሳዊው ዜማ ቢያንስ ለ«ኪርዬ» (አቤቱ ማረን) እና ለ«ሳንክቱስ» (ቅዱስ)። ተንበርክኮ በአፍ መቁረብ ደግሞ መብታችሁ ነው፤ የ2004ቱ መመሪያ «ሬደምፕሲዮኒስ ሳክራሜንቱም» በአፍ መቀበል ሁልጊዜ የምእመን መብት እንደሆነ፣ በመንበርከኩ ብቻም ማንም ቁርባን እንደማይከለከል ይናገራል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የቀኖናውን ቁጥር 212 ጥቀሱ፤ ምእመናን መንፈሳዊ ፍላጎታቸውን ለእረኞቻቸው የመግለጽ መብት እንዳላቸው የሚናገረው እሱ ነው። የጠያቂዎቹን ስምና ቁምስና ጨምሩ፤ ስለ ሌሎች ካህናት አንድም ክስ አታስገቡ። ዜማውን የሚያጠኑ አራት አምስት ሰዎችን ከደብዳቤው በፊት አዘጋጁ፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚወድቀው ካህኑ ሳይፈልግ ቀርቶ ሳይሆን የሚዘምር ጠፍቶ ነውና።