ፊደል ቆጥሮ ፊደል የማይለይ ልጅ

እዚህ ድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳስጠና ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ «ፊደሉን ጨርሷል፣ ንባቡ ግን እምቢ አለው» የሚል ነው። ይህን ስሰማ የፊደል ገበታውን አጥፌ አንዲት ፊደል ብቻዋን ጽፌ አሳያለሁ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ልጆቻችን ይህን ሁሉ በዜማ ስለሚሸመድዱት፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ የሚወጣ ልጅ ከመሀል የተነጠለችውን «ሞ» ላያውቃት ይችላል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» ብሎ ቆጥሮ ይደርስባታል። ጀማሪ ቢያደርገው አይገርምም፤ ሁለት ዓመት ተምሮም ከዚያ ካልወጣ ግን ዲስሌክሲያን፣ ማለትም ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ የመማር ችግርን፣ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ችግሩ ከስንፍናም ከአእምሮ ዝግመትም የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ማንበብ ስላቃተው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ቀዳሚ ይሆን እንደነበር መምህሩ መመስከሩን አስፍሯል። ያኔ ጉዳዩ ከእይታ ጋር ይያያዝ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን ችግሩ በአብዛኛው የንግግር ድምፆችን ነጣጥሎ ከፊደል ጋር በማገናኘቱ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህም ምልክቱ ከፊደል በፊት ሊታይ ይችላል፦ አፉን ዘግይቶ የሚፈታ፣ «መስኮት»ን «መኮስት» እያለ የሚቆይ፣ ቤት የሚመቱ ቃላትን መለየት የሚቸግረው ሕፃን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ምልክት የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። «ሰ»ን በ«ሠ»፣ «ሀ»ን በ«ሐ» መተካት የትልልቆቻችንም ልማድ ነው፤ ፊደል ገልብጦ መጻፍም በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በከተማችን ደግሞ ቤቱ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ በአማርኛ የሚማር ልጅ ብዙ ስለሆነ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የቃላትን ድምፅ በቀላሉ የሚነጣጥል ከሆነ የቸገረው አማርኛው ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ። ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመርም መቅደም አለበት።

ከአራተኛ ክፍል በኋላ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ልጁ ያነባል፣ ነገር ግን እየተጎተተ፣ የቃሉን ግማሽ እየገመተ ነው። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ብዙ ስለሚሸከም ግምቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ «አልተመለሱም»ን «ተመለሱ» ብሎ ያነበበ ተማሪ ታሪኩን ገልብጦ ይረዳና «አልገባውም» ይባላል። ያንኑ ምንባብ ስታነቡለት በትክክል የሚመልስ ከሆነ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ይህ ነው። በአማርኛ እንደ ምንም የተወጣው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ መማሪያው ሁሉ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ አጻጻፉ ከአነባበቡ በማይገጥም ቋንቋ ችግሩ ጎልቶ ሊወጣበት ይችላል።

በጎልማሶች ላይ ምልክቱ በዘዴ ተሸፍኖ ይኖራል። ሒሳቡን በጭንቅላቱ ያለ ስሕተት የሚሠራ ነጋዴ የዱቤ ደብተሩን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ሊያስጽፍ፣ በስልክም ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን ቀድቶ መላክን ሊመርጥ ይችላል፤ የመማር ዕድል ያላገኘውን ግን ከዚህ መለየት ያስፈልጋል። ዲስሌክሲያ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ ስላለው፣ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ስለ ልጁ ከምጠይቀው ባልተናነሰ እነሱ ራሳቸው ንባብን እንዴት እንደለመዱ እጠይቃለሁ።