እህታችን ወለደች፤ ክብር ለጌታ ይሁን

እዚህ ጅማ በጸሎት ኅብረታችን ለዓመታት ስሟን እየጠራን ስንለምንላት የኖርን እህታችን ዛሬ ሴት ልጅ ታቅፋለች። በጤና ሙያ ያለን የኅብረቱ አባላት ይህን የምንጽፈው በፈቃዷ ነው። ጌታ መልሱን በየት በኩል እንዳመጣው በዝርዝር ቢነገር፣ ልጅ እየናፈቁ ለሚያለቅሱ ሌሎች እህቶች ይጠቅማል።

የወር አበባዋ ይዘገያል፤ ሲመጣም ይበዛል። ሳትወልድ ከጡቷ ወተት ይወጣት ነበር። ድካሙና ብርዱ አይለቃትም። "መተት ነው" ያሏትም ነበሩ። የባሏ ምርመራ ደህና ሲሆን በእሷ ደም ግን ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ከፍ የሚል ሆርሞን) ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ፕሮላክቲንም (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው ሆርሞን) እንዲሁ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም አንጎል እሱን ለመቀስቀስ የሚልከው ሌላ ሆርሞን ቲኤስኤችንም ፕሮላክቲንንም ይቀሰቅሳል፤ ፕሮላክቲን ሲበዛ እንቁላል በጊዜው አይለቀቅም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ ቀድሞ የሚታከመው ታይሮይዱ ነው። እሱ ሲስተካከል ፕሮላክቲኑ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ታዘዘላት። አንድም ቀን ሳታጓድል ብትውጥም ቲኤስኤቿ አልወርድ አለ፤ መጠኑ ቢጨመርም ያው። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ፋርማሲ የምትሠራ እህት፣ "ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?" አለቻት።

"በቡና ነዋ፣ በአቦሉ።"

ለደም ማነስ የተሰጣትን የአይረን ክኒንም አብራ ትውጥ ነበር። ያን ጥያቄ ፋርማሲ በምትሠራው እህታችን አፍ ያኖረው ጌታ ነው ብለን እንመሰክራለን። ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ አይረንና ካልሲየም ደግሞ ይዘው ያስቀሩታል። በቡና አገር ይህን ያልተጠየቀች ስንት ሴት ትኖር ይሆን!

ከዚያ ወዲያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ሆነ። ቡናና ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፤ አይረኑ ቢያንስ 4 ሰዓት ተራርቆ። ደሟ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ታየ፤ ከዚያ በፊት የሚወጣ ውጤት ያሳስታል። መድኃኒቱ በደንብ መግባት ሲጀምር ተጨምሮ የነበረው መጠን ስለበዛባት ሐኪሟ መልሶ ቀነሰው። መድኃኒቱን እየወሰደች ልጅ ለምትፈልግ ሴት የሚፈለገው ቲኤስኤች ከ2.5 በታች ነው። እዚያ ደረሰች፤ ወተቱ ቆመ፣ የወር አበባዋ ተስተካከለ፣ ፀነሰችም። እግዚአብሔር ይመስገን!

"ተፈውሻለሁና ክኒኑ ይብቃኝ" ማለት በዚህ ጊዜ እጅግ አደገኛ ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአንጎሉ እድገት የሚጠቀመው የእናቱን የታይሮይድ ሆርሞን ነው፤ ሲጎድል ፅንስ ሊወርድም ይችላል። እርግዝናው እንደታወቀ መጠኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል። ሐኪሟ በሳምንት 7 የነበረውን 9 ክኒን አደረገላት፤ እስከ እርግዝናው አጋማሽም በየ4 ሳምንቱ ደሟን አየ። ከወለደች በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሳለች። እያጠባችም ትወስደዋለች፤ ሕፃኗን አይጎዳም።